ከሰባት ወደ ስድስት

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ቢላዋውን ከአመተ ማርያም እጅ ሲቀበሉ ሽንኩርቱ ገና ግማሹ አልተከተፈም ነበር። «ይቅር በይኝ ልጄ፤ ብረት የሚባል ነገር ዛሬ ከዚህ ቤት አይውልም» አሉና ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨመሩት። ሁለት መጥረቢያ፣ ማጭድ፣ ዶማና የምስማር መንቀያ ቀድመውት ገብተዋል። የአሻግሬ ክላሽ ጥይቱ ወጥቶለት፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ በሩ ጥግ ቆሟል። ሽማግሌ ሊቀመጥ ሲል ደም ያለበትን ቤት እንዲህ ማራቆት የቆየ ደንብ ነው። ቄሱ ከደባርቅ ገበያ ጨርቅ ነጋዴውን ሐጂ ባሽርን ይዘው የመጡት፣ ሐጂ ለሟችም ለገዳይም ዘመድ ስላልሆኑ ነበር። ሐጂ በጉልበታቸው ተንበርክከው የስልካቸውን መብራት አልጋ ሥር ያበሩ ነበር።

«ዘነዘናውስ?» አሉ ከታች ሆነው።

«እንጨት እኮ ነው ሐጂ» አለች አመተ ማርያም።

«እንጨት ነው፤ አናት ግን አይለይም እትዬ። አምጪው።»

«ሽንኩርቱንስ? በጥርሴ ልከትፈው?»

«ኪሎውን በመቶ ሃያ ብር ገዝተሽው በጥርስ ቢከተፍ ይገባዋል» አሉ ሐጂ አቧራቸውን እያራገፉ ሲነሱ። «ለልጄ ለሰልማ ስጫት፤ እኛ ቤት ከትፋ ታመጣልሻለች።» ከዚያ አልጋው ላይ የተጋደመችውን ጊታር በጣታቸው ነካ አደረጓት። «ይህችስ ትተኩሳለች?»

«ብትተኩስም ለቱሪስት ነበር» አለ የአመተ ማርያም ልጅ ሕሩይ። «ቱሪስቱም ከጠፋ ቆየ።»

«ተዋት፤ የልጅ መጫወቻ ናት» አሉ ቄሱ። «ማሲንቆ ግን እንዳይገባ። ሽለላ እንዳይሰማ፤ ቀረርቶም እንዳይሰማ። አሻግሬ፣ ሰምተኸኛል?»

የሕሩይ አባት መደቡ ላይ ተቀምጦ የማይታጠፈውን ግራ እግሩን ዘርግቶ ያየው ነበር። 

ከረጢቱንና ክላሹን ወደ ሐጂ ሱቅ የማድረሱ ነገር ለሕሩይ ሆነ። ከስሜን የሚወርደው ነፋስ የመንገዱን አቧራ እያነሳ ፊቱ ላይ ይበትነዋል። የገበያ ቀን ስለነበር ከአምባራስ በኩል ገብስ የጫኑ አህዮች አስፋልቱን ሞልተውታል። አንድ የሚያውቀው ባለ ባጃጅ አንገቱን አውጥቶ «ሕሩይ! ብረታ ብረት ሱቅ ከፈትክ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ቀኑ የምን ቀን እንደሆነ ትዝ አለውና ሳቁን ዋጠው፤ «እግዜር ይርዳችሁ» ብሎ አለፈ። መናኸሪያው በር ላይ ሲደርስ ሕሩይ እንደ ልማዱ ወደ ግራው ጠርዝ ሄደ። የቀኙን አይረግጠውም። ከአራት ዓመት በፊት ወንድሙ ብርሃኔና ገዱ የተባለ ሌላ ባለ ባጃጅ በተራ ተጣልተው የነበረው እዚያ ነው። ሁለት ተሳፋሪ ነበር ያጣላቸው። ብርሃኔ ከፊቱ ገባበት፤ ገዱ ሰደበው፤ ብርሃኔ በጥፊ መታው። ገዱ ከመቀመጫው ሥር የጎማ መፍቻ አወጣና ጆሮው ላይ ሁለት ጊዜ አሳረፈበት። ሕሩይ ስልክ ከሚጠግንበት ሱቅ ሮጦ ሲደርስ ብርሃኔ ገና ቆሞ ነበር። በጣቶቹ መሐል ደም እየፈሰሰ «ምንም አልሆንኩም፤ ባጃጇን ቆልፋት» አለው። ቁልፉን ሊያቀብለው እጁን ሲዘረጋ ወደቀ፤ ዳግም አልተነሳም።

ገዱ ስድስት ዓመት ተፈርዶበት፣ አራቱን ታስሮ፣ በአመክሮ ከወጣ ሦስት ወሩ ነው። የታሰረው ግን ለመንግሥት ነው እንጂ ለአሻግሬ አይደለም። ገዱ የወጣ ለታ አሻግሬ ክላሹን ከግድግዳው አውርዶ ሕሩይ አልጋ ላይ አጋደመው።  ሕሩይ መልሶ ሰቀለው። በማግስቱ ከሥራ ሲገባ ክላሹ አልጋው ላይ ነበር። መልሶ ሰቀለው። እናትየው በመካከላቸው እየተመላለሰች ራት ታቀርባለች፤ ስለ በርበሬ ዋጋ ታወራለች፤ ክላሹን እንዳላየች ሆና አንሶላውን ዙሪያውን ታነጥፋለች። እንዲህ ሲል ወር ተኩል ሄደ። ከዚያ የገዱ አጎት ሀብተ ሚካኤል ቄሱን ለመነ፤ ቄሱም ሐጂን ያዙ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስድስት ጊዜ ተመላልሰው ዛሬን አገኙ።

ሱቁ ውስጥ ሐጂ ክላሹን ከጣቃ ጨርቅ ኋላ ካስቀመጡ በኋላ የሕሩይን ትከሻ ያዙ። «ያቺ የወንድምህ ዜማ አለቀች?»

«አላለቀችም ሐጂ። አንድ ቦታ ይዛኛለች።»

«እኔ የሰማኋት ጥሩ ናት። ሰው ዝም ታሰኛለች።»

ሐጂ የሰሟት መጀመሪያዋን ብቻ ነው። ሱቆቹ ግድግዳ ስለሚጋሩ ሕሩይ ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚጫወተው ይገባቸዋል። ቃል የሌላት፣ ስምም ያልወጣላት ዜማ ናት። በሦስት ምት ትጀምራለች፣ ቀስ ብላ፤ እናቱ በለቅሶው ሳምንት ደረቷን እየደቃች ስትወዛወዝ የነበረው ሦስት ነው። ከዚያ አምስት ትሆናለች። የብርሃኔ ባጃጅ ጠዋት ጠዋት አራቴ ታንቃ በአምስተኛው ነበር የምትነሳው፤ ሰፈሩ ሁሉ እየቆጠረ ይሳሳቅ ነበር። ከዚያ ሰባት። ይህችን ሰባት ሕሩይ ለማንም አልተናገረም። ቀብሩ ለታ አሻግሬ ከሬሳው ፊት እየተመላለሰ ፎክሮ ነበር። ድሮ ከጃናሞራ ሲወርድ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ጥላው ግራ እግሩ ደርቋል። ሲፎክር ታዲያ ሁለት ይረግጣል፣ ሁለት ይረግጣል፣ ቀጥሎ የደረቀውን እግሩን ይጎትታል፤ ጉተታው ሦስት ምት ይወስዳል። ሲደመር ሰባት። የዚያን ቀን መቃብሩን የከበቡት ወንዶች በዚህ አረማመድ እየጋሉ ሄደው፣ ሦስቱ የገዱን እናት ቤት ሊያቃጥሉ ተነስተው በፖሊስ ተመልሰዋል። ሕሩይ ይህን ስለሚያውቅ ሰባቷን ሱቅ ውስጥም ቢሆን በዝግታና ድምፁን አፍኖ ነው የሚለማመዳት፤ እቤትማ አንድም ቀን ነክቷት አያውቅም። ከሰባቷ በኋላ ዜማዋ ስድስት ላይ ገብታ መሮጥ አለባት። ሩጫዋ ጆሮው ውስጥ አለ፤ ጣቱም ያውቃታል። መሻገሪያዋ ግን ስምንት ወር ሙሉ እምቢ አለችው። አንዲት ምት የሆነ ቦታ መውደቅ ነበረባት። ከፊት ቢጥላት ዜማዋ ታነክሳለች፤ ከኋላ ቢጥላት ትቆማለች። በሁለት መቶ ሃምሳ ብር የሚገዛ ክር ሁለት ጊዜ በንዴት በጥሶባታል።

ወደ ቤት ሲመለስ የእድሩ ፕላስቲክ ወንበሮች መጥተው በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ለእርቁ የታረደው በግ ሥጋ፣ ከሰልማ ቤት የመጣው ሽንኩርትም፣ ድስት ውስጥ ናቸው። አመተ ማርያም በጓሮ በር ትወጣለች፣ ትገባለች። አባቱ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሕሩይ አጠገቡ ተቀመጠ።  የቆርቆሮው ጣሪያ ከነፋሱ ጋር ይንኳኳል።

«ገዱ ተሸክሞ የሚመጣውን ድንጋይ ካነሳሁለት አበቃ» አለ አሻግሬ። «ካላነሳሁለት ያንተ ነው። እኔ እንደ ሆነ በዚህ እግሬ አልደርስበትም።»

«አንሳለት አባዬ።»

«ለሱ ብለህ ነው ለራስህ?»

ሕሩይ ክላሹ ይሰቀልበት የነበረውን ግድግዳ አየ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሰው ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፤ ክላሹን ያነሳው ከአልጋው ወደ ግድግዳው ለመስቀል ብቻ ነው። ዛሬ ድንጋዩ ከተነሳ ማታ አልጋው ላይ ጊታሩ ብቻ ትኖራለች። ካልተነሳ ወይ ገዱን መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቀዋል፣ ወይ ገዱ ፈርቶ ይቀድመዋል። በዚህ ከተማ ሦስተኛ መንገድ ያገኘ ሰው አያውቅም። «ለራሴ ነው» አለ። አባቱ አንገቱን ነቀነቀ፤ የናቀው ይሁን ያዘነለት ሕሩይ አልለየውም።

ስምንት ሰዓት ላይ መጡ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ሐጂ ከኋላ፣ የገዱ አጎት ሀብተ ሚካኤልና ሦስት ሽማግሌዎች ከመካከል። በመጨረሻ ገዱ ገባ። ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ እንደ ደንቡ በማጅራቱ ላይ የወንዝ ድንጋይ ተሸክሟል። ድንጋዩ ትልቅ ነበር፤ የበግ ጭንቅላት ያህላል። ሁለት እጁን ወደ ኋላ መልሶ ደግፎታል። ሕሩይ ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ በቅርብ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል፤ የሸሚዙ ኮሌታ በድንጋዩ ተፍቆ ጭቃ ይዟል። አሻግሬ እግር ሥር መጥቶ ተንበረከከና ግንባሩን መሬት አስነካ። ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ እንዳለ ነው። የሟች አባት ያን ድንጋይ ከላዩ አንስቶ በበሩ ወደ ውጪ ከወረወረው ደሙ ደረቀ ማለት ነው።

«ስለ እግዚአብሔር ብለህ» አሉ ቄሱ።

አሻግሬ ዓይኑን ከደረቀ እግሩ ላይ አላነሳም።

«ስለ ወላዲተ አምላክ።»



«አያ አሻግሬ» አሉ ሐጂ፣ «እኔ ስለ ጎረቤትነታችን። ስለ ብርሃኔ ነፍስ።»

የልጁ ስም ሲጠራ የአሻግሬ መንጋጋ ተንቀሳቀሰ፤ እጁ ግን ከጉልበቱ አልተነሳም። የገዱ ክንዶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ሳለ። ጓዳው በር ላይ የቆመችው አመተ ማርያም የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። ሀብተ ሚካኤል በሩን በዓይኑ መፈለግ ያዘ፤ ሐጂም ይህን አዩ። ነገሩ እጃቸው ላይ ሊሰበር መሆኑ ገብቷቸው፣ ቤቱን የሚያለዝብ ነገር ሲፈልጉ ዓይናቸው ጊታሯ ላይ አረፈ። «ሕሩይ ልጄ» አሉ፣ «ያቺን የወንድምህን እስቲ። ቀስ ያለችዋን።» ቄሱን ገልመጥ አሉ። ቄሱም ሽለላ መከልከላቸውን እንጂ የፈረንጅ ሣጥን መከልከላቸውን አላስታወሱምና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሕሩይ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጀመረ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ከፍ ባለው ክር ላይ ዜማዋ ብቻዋን ስትሄድ ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ያለ አይመስልም ነበር። እናቱ ነጠላዋን ከጥርሷ ለቀቀች፤ ሳታውቀው ትወዛወዛለች። ወደ አምስቱ ገባ። አራቴ ታንቆ በአምስተኛው ሲነሳ አሻግሬ ቀና አለ። ባጃጇን አወቃት። እንባው ነጩ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። በሁለት እጁ ድንጋዩን ከገዱ ማጅራት ላይ አነሳው።

«ተመስገን!» አሉ ቄሱ። እናቱ እልል ልትል እጇን ወደ አፏ አነሳች። ሀብተ ሚካኤል ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። የቀረው መወርወሩ ብቻ ነበር፤ በሩም ክፍት ነው። ሕሩይ እዚያ ላይ ማቆም ነበረበት። ማቆም እንዳለበትም ያውቅ ነበር። ግን ሰው ፊት እስከዚህ ድረስ ተጫውቷት አያውቅም። ይህን ያህል ሰው ትንፋሹን ይዞ ሰምቶት አያውቅም፤ አባቱም ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ አድርጎ አይቶት አያውቅም። ጣቱ ወደ ወፍራሙ ክር ወረደ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት።

አሻግሬ ድንጋዩን ደረቱ ላይ እንደያዘ ወደ በሩ መራመድ ጀምሮ ነበር። ሁለተኛው ሰባት ሲመጣ እግሩ ከዜማው ጋር ገጠመ። ሁለት ረገጠ፣ ሁለት ረገጠ፣ የደረቀውን ጎተተ። ጭንቅላቱ ቀና አለ። ሕሩይ ድምፁን አላፈነውም። ቄሱ «እሱን ተው ልጄ» አሉ፤ ሰማቸው፣ ጣቱ ግን አልቆመም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የገዱ ወገን የሆነው፣ ሳይታወቀው ተረከዙን መሬት ይመታ ነበር። አሻግሬ በሩ ጋ ደርሶ ድንጋዩን አልወረወረም። ዞረ። ቀብሩ ለታ ሰው ስለ ከለለው ሕሩይ ያላየው ይህን ነበር። አባቱ ሲዞር በደኅናው እግሩ ብቻ ይሽከረከራል፤ ጉተታው የለም፤ አንዲቱ ምት እዚያ ላይ ነው የምትወድቀው። በመዞሪያዋ። ስምንት ወር ሙሉ ከፊትና ከኋላ ሲፈልጋት ኖሯል። ጣቶቹ ጭንቅላቱን ሳይጠይቁ ገቡበት፤ ሰባቷ ተሰብራ ስድስት ሆነች፤ ዜማዋም ሮጠች። ሰውነቱን ሁሉ ደስታ ወረረው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደስታ አያውቅም።

«ዘራፍ!» አለ አሻግሬ።

ገዱ ያ ድምፅ ሲመጣ ገና እንደተንበረከከ ነበር፤ ይቅርታውን ሊያመሰግን ቀና ብሎ ፈገግ ሊል ሲል ድንጋዩ ጆሮው ላይ አረፈ። እንደ ደረቀ ቅል ድምፅ ሰጠ። ቄሱ መስቀላቸውን በመካከል አስገቡ፤ ሁለተኛው ምት መስቀሉን ከነእጃቸው ጥሎት አለፈ። ሦስተኛው ሲወርድ ሐጂ ባሽር የአሻግሬን ወገብ ከኋላ አቅፈው ተያይዘው ወንበሮቹ ላይ ወደቁ። አመተ ማርያም ጮኸች፤ የሕሩይ ጣት ያን ጊዜ ቆመ። ሀብተ ሚካኤል የወንድሙን ልጅ ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ «ገዱ፣ ገዱዬ፣ እየኝ» ይላል፤ ነጠላውን ቁስሉ ላይ ሲጫነው ነጠላው ወዲያው ይቀላል። የገዱ ተረከዝ መሬቱን ይመታ ነበር። ከዚያ አራት ሰው ተሸክሞት ሲወጣ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ አሻግሬ ተነስቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እጁ እስከ ክንዱ ደም ነው። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና ወደ ልጁ ዞረ።

«ለምን አቆምክ?» አለው።

ፖሊሶች አሻግሬን አሥር ሰዓት ላይ ወሰዱት፤ አልታገላቸውም። ሕሩይ ቃሉን እንዲሰጥ ተጠራ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ፣ ያልተከፈተ የታሸገ ውኃ። ሃምሳ አለቃው ወጣት ነው፤ ስልኩን ሕሩይ ጠግኖለት ያውቃል። መጻፍ ሳይጀምር ስልኩ ጠራ፤ ሰማ፣ «እሺ፣ እሺ» አለና ዘጋው። ገዱን ወደ ጎንደር ይዞ የሄደው አምቡላንስ ዳባት ላይ መመለሱን ነገረው። ሕሩይ ለምን እንደተመለሰ አልጠየቀም።

«ድንጋዩን ማን አነሳ?»

«አባቴ።»

«ስንት ጊዜ መታው?»

«ገዱን ሁለት ጊዜ ይመስለኛል። መካከለኛው ቄሱ ላይ ነው ያረፈው።»

«አንተ ያን ጊዜ ምን እያደረግክ ነበር?»

«ጊታር እጫወት ነበር።»

ሃምሳ አለቃው እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ እንዳቆመ ቀና ብሎ አየው።

«ማቆም እችል ነበር» አለ ሕሩይ። «ድንጋዩን አንስቶለት ነበር እኮ። አምስቱ ላይ ባቆም ኖሮ ይወረውረው ነበር። ቄሱም ተው ብለውኛል። ሰባቱን ቀጠልኩ። የሚሆነውን አውቅ ነበር፤ አንዲት ቦታ ጠፍታኝ ነበር፣ እሷን አገኘኋት፣ ደስ አለኝ። ጻፈው።»

«ደንግጠሃል ወንድሜ» አለ ሃምሳ አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የታሸገውን ውኃ ከፍቶ ወደሱ ገፋው። «ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል። ባቆም ኖሮ፣ ብይዘው ኖሮ። ይህ አይጻፍም። ሕግ የሚጠይቀው እጅህ ላይ ምን ነበር ነው። እጅህ ላይ ጊታር ነበር።» ጎንበስ ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ቀጠለ፤ ሲጨርስ ወረቀቱን አዞረለት። ሕሩይ የመጨረሻውን መስመር አነበበ፤ የተጠርጣሪው ልጅ የሆኑት አቶ ሕሩይ አሻግሬ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ በቦታው ተገኝተው ተቀምጠው የነበረ ሲሆን ምንም አላደረጉም ይላል።

«እዚህ ጋ» አለ ሃምሳ አለቃው በጣቱ እያሳየው።

ሕሩይ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ፈረመ።